አባ ሄሬጋ የሌለው መብራት

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከዱብሉቅ ደወለልኝ። አባቴ ስልክ አይወድም። እሱ ከደወለ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ሰው ሊሞት ነው። ስለዚህ ገና "ሄሎ" ሳልል ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። ለካስ የሞተ ሰው የለም።

"ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አንድ ነገር ላማክርሽ ነው" አለኝ። "ሞተሩን የሚገዛ ሰው ከያቤሎ መጥቷል። ልሽጠው ወይስ ላቆየው?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ማንንም አማክሮ የማያውቅ ሰው ነው። በዚያ ላይ ጥያቄው ከእኔ ሰፈር ወጥቶ አያውቅም። በዚያ ሰሞን ሥራዬም ወሬዬም ይኸው ኢነርጂ የሚሉት ነገር ነበር። የሀገር አቀፍ የኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራሙ ሁለተኛ እትም ይፋ ከሆነ ገና ወር አልሞላውም፤ እኔ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 መብራት የማያገኝ ኢትዮጵያዊ አይኖርም ይላል። 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ፣ ማለትም በሶላርና በአነስተኛ ግሪድ።

"አባባ፣ ሽጠው" አልኩት። "እኛ እኮ መስመር የገባልን ከተማ ነን። ከዚህ በኋላ እየተሻሻለ ነው የሚሄደው። ናፍጣ ያለፈበት ነገር ነው።"

ትንሽ ዝም አለ። "እሺ" አለና ዘጋው።

ሸጠው። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች "ሽጠው" በምትለው ቃል ምክንያት ነው።

*

ዱብሉቅን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ያቤሎን አልፋችሁ ሜጋ ሳትደርሱ የምታገኟት የቦረና ከተማ ናት። በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በከብት ገበያዋና በኤላዎቿ። ስለ ኤላዎቹ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አባቴ የቦረና ሰው አይደለም። ከሰሜን ሸዋ በመካኒክነት ሙያው የመጣ፣ "አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብሎ እዚያው የቀረ ሰው ነው። አንድ ሊስተር ሞተር ገዛ፤ ወፍጮ ተከለ። ቀን ቀን እህል ይፈጫል። ማታ ደግሞ ያንኑ ሞተር ከዲናሞ ጋር አያይዞ መብራት ይሸጣል። አዎ፣ መብራት ይሸጣል! የዚያን ጊዜ ሰው ቆጣሪ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሒሳቡ በአምፖል ነው። አንድ አምፖል ያለው ይህን ያህል፣ ሁለት አምፖል ያለው ይህን ያህል፣ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ደግሞ ለብቻው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ይበራል። ሊያጠፋው አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሁለት ጊዜ ያርገበግበዋል። በዚህን ጊዜ ከተማው በሙሉ ይንቀሳቀሳል፤ ክብሪት ፍለጋ፣ ኩራዝ ፍለጋ፣ ቤቱ ፍለጋ። እናቴ "አባትሽ ከተማውን በዓይኑ ጠቀሰው" ትል ነበር።

ልጅ ሳለሁ አባቴ መንግሥት ይመስለኝ ነበር። ማብራትና ማጥፋት የሚችል ሌላ ማን አለ?

አሁን ሳስበው የአባቴ መሥሪያ ቤት ብዙ ችግር ነበረበት። ውድ ነው፤ ይጮኻል፤ ይጨሳል፤ ናፍጣ ከጠፋ ከተማው ይጨልማል። አንድ መልካም ነገር ግን ነበረው። ሰው መብራት ሲጠፋበት የት እንደሚሄድ ያውቃል። መጥቶ የቆርቆሮ በራችንን ይደበድባል። አባቴ እራቱን ትቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይወጣል። ይሰደባል፤ ይሳደባል፤ ይሠራል።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ዋናው መስመር መጣ። ከተማው ጨፈረ፤ አባቴም ጨፈረ። የራሱ ንግድ በሞተበት ቀን የሚጨፍር ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "እኔ እኮ መብራት ኃይል እስኪመጣ ቦታ ጠባቂ ነበርኩ" አለ። ወፍጮውን ወደ ኤሌክትሪክ ቀየረ። ሊስተሩን ግን አልሸጠውም። ሸራ አልብሶ በጓሮ አስቀመጠው፤ መብራት ሲጠፋ ያስነሳዋል። እኔ እስክመክረው ድረስ።

*

ከዚያ ድርቁ መጣ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ቦረና ውስጥ ያለቀው ከብት በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ሰው ከየመንደሩ እየተነሣ ወደ መንገዱ ዳር መጣ፤ ዱብሉቅም ትልቅ የተፈናቃይ መጠለያ ሆነች። ከብቱ ያለቀበት ቦረና ምን እንደሚመስል የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ በዜና አይቼዋለሁና። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ለእረፍት ስሄድ ነው አለማወቄን ያወቅኩት።

እርዳታው የሚመጣው በስንዴ ነው፤ ዱቄት አይደለም። ስንዴ ደግሞ ይፈጫል። እኔ በደረስኩበት ሳምንት የሰፈራችን ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወር አልፎታል። በማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም። ዕቃው ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ተራ የሚጠብቅ ሌላም ከተማ አለ ተብሏል፤ ይሆናል። እኔ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። የአባቴ ወፍጮ ቤት ተዘግቶ፣ በሩ ላይ ሴቶች ስንዴ ይዘው ተቀምጠዋል። ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመጣል እያሉ ነው የሚቀመጡት። ገንዘብ ያላቸው በመኪና ወደ ሜጋ ልከው ያስፈጫሉ። የሌላቸው በድንጋይ ይፈጫሉ፤ ወይ ንፍሮ ቀቅለው ለልጅ ይሰጣሉ። አንዲት እናት በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ንፍሮው አልወርድ ብሎት ሲያስታውክ አየሁ።

አባቴ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ሊስተሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ ብቻ አየሁት። መሬቱ አሁንም በዘይት ጠቁሯል።

"አባባ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ" አልኩት።

"አንቺ ምን ታደርጊ" አለ። "የጻፉትን ነው የነገርሽኝ።"

በሕይወቴ ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ ይኼ ይከፋል።

*

በማግስቱ ወደ ኤላዎቹ ሄድኩ።

ቦረና "ቱላ ሰግላን" የሚላቸው ዘጠኝ የጥልቅ ጉድጓድ ሰፈሮች አሉት፤ ዱብሉቅ አንዱ ነው። ድርቅ ቢመጣም የማይደርቁት እነዚህ ናቸው። ከላይ ከብቱ የሚገባበት ሰፊ መውረጃ ተቆፍሯል፤ ከታች የጭቃ ገንዳው አለ፤ ከገንዳው በታች ደግሞ ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ሰዎች እንደ መሰላል አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ ያሳልፋሉ። ፈረንጆች "የሚዘፍኑት ጉድጓዶች" እያሉ ፎቶ የሚያነሷቸው እነዚህን ነው። እኔም ለአዲስ አበባ ጓደኞቼ ስለ ዘፈኑ እንጂ ስለ ሌላው ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

ሌላው ምንድን ነው? ሕጉ ነው። እያንዳንዱ ኤላ "አባ ኮንፊ" አለው፤ መጀመሪያ የቆፈረው ሰው ዘር ማለት ነው። የዕለት ተራውን የሚያወጣ፣ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስን፣ የሚያስጠርግና የሚያስጠግን ደግሞ "አባ ሄሬጋ" አለ። ተራ የጣሰ ይቀጣል። ገንዳው ሲሰነጠቅ ማን ጭቃ እንደሚያመጣ ይታወቃል። ለዘመናት የኖረው በዜማ ብቻ አይደለም፤ በተራና በኃላፊነት ነው።

ከኤላው ብዙም ሳይርቅ አንድ ሶላር ፓምፕ አለ። አንድ ድርጅት ነው ያቆመው፤ ስሙ ይቅር። ፓነሎቹ አሁንም ሰማያዊ ናቸው፤ ያምራሉ። ውኃ ግን አይወጣም። የሠራው ለጥቂት ወራት ነው። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ተበላሸ፤ ሳጥኑን የሚጠግን ሰው የለም። የተቋቋመ የውኃ ኮሚቴ ነበር፤ ገንዘብ ያዡ በድርቁ ጊዜ ከብቶቹን ይዞ ሄዷል። ፓነሉ ሥር ፍየሎች ተኝተዋል። ጥላው ሸጋ ነው።

የኤላውን አባ ሄሬጋ አገኘኋቸው። አባቴን ያውቁታል፤ ከመብራቱ ዘመን ጀምሮ። "ያ ፓምፕ ለምን ቆመ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸው መልሰው ጠየቁኝ፤ እንዲህ ነው የቦረና ሽማግሌ።

"ማነው የቆፈረው?" አሉኝ።

"ድርጅቱ።"

"የት ነው ያለው?"

"ሄዷል።"

"ተራውን ማነው የሚያወጣው?"

ዝም አልኩ።

"ሲናድስ ማነው የሚገባው?"

አሁንም ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ፤ ከዚያ ተራው ለደረሰ ከብት መንገድ ሊያስለቅቁ ተነሡ።

*

እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ዓሥር ሰዓት በላይ በመኪና ውስጥ የእነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ነገር ሳብሰለስል ነው የመጣሁት። ማን ቆፈረው? ተራውን ማን ያወጣል? ሲናድ ማን ይገባል?

እስቲ በሀገሪቱ መብራት ላይ እንሞክራቸው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ አንቸገርም። ቁፋሮ ላይ ጎበዞች ነን። ቆቃ በ1952 ዓ.ም.፣ ከዚያ አዋሽ፣ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ተከዜ፣ ጣና በለስ፣ ግልገል ጊቤዎቹ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያም ሕዳሴው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ፣ የካቲት 13 ቀን 2014 የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት! እናቴ ቦንድ ገዝታለች፤ ወረቀቱን ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጀርባ ነው የምታስቀምጠው። ማን ቆፈረው ለሚለው፣ እኛ ነን የቆፈርነው። በዚህ አልቀልድም።

ሌላው ዓለም ከድንጋይ ከሰል እንዴት እንላቀቅ እያለ ሲጨነቅ፣ የእኛ ግሪድ ከድሮውም ታዳሽ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው የሚመጣው፤ የቀረው ከአዳማና ከአሸጎዳ መሰል የነፋስ ጣቢያዎች። ስለዚህ "ወደ ታዳሽ ኃይል ሽግግር" የሚለው ቃል እኛ ጋ ሲደርስ ትርጉሙ ይለወጣል። የእኛ ሽግግር ከከሰል ማመንጫ ወደ ግድብ አይደለም፤ ከጉልቻና ከኩራዝ ወደ መብራት ነው። የሀገራችን ቤቶች አብዛኛውን ጉልበታቸውን አሁንም የሚያገኙት ከማገዶ ነው። ወደ ሞያሌ ስትሄዱ በአስፋልቱ ዳርና ዳር የቆመውን የከሰል ጆንያ ቁጠሩ። ከብቱ ካለቀ በኋላ ብዙ ቦረና ዛፍ ወደ መቁረጥ ነው የገባው። ዛፉ ሲያልቅስ?

ውኃ ላይ ብቻ መንጠልጠልም የራሱ ጣጣ አለው። በ2001 ዓ.ም. ግድቦቹ ጎድለው አዲስ አበባ በፈረቃ ስትበራ የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሻማ ሻጭ የከበረበት ዓመት ነበር። ፀሐይና ነፋስ የሚፈለጉት ለጌጥ አይደለም፤ ዝናብ ሲከዳ ሌላ የምንይዘው እንዲኖር ነው። ዝናብ ሲከዳ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ከቦረና በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ተራውን ማን ያወጣል? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በትልልቁ ምሰሶ ያስተላልፋል፣ ለጎረቤት ሀገር ይሸጣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ወደ ቤታችን ያደርሳል፣ ቆጣሪ ያነባል፣ ሒሳብ ይሰበስባል። ከላይ ፖሊሲ የሚያወጣው የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር አለ። ተቆጣጣሪው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አለ። ሕዝቡ ግን እነዚህን ሁሉ ዛሬም "መብራት ኃይል" ነው የሚላቸው። አልተሳሳተም፤ እሱ የሚፈልገው አንድ የሚደበድበው የቆርቆሮ በር ነው።

ክፍፍሉ ክፉ ነው አልልም። የሚያመነጨውና የሚያከፋፍለው ሒሳብ ሲለያይ፣ የቱ ጋ ገንዘብ እንደሚፈስ ይታያል። ታሪፉም ቢሆን ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ነው መነሣት የጀመረው፤ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት የሚጨምረው ማሻሻያ መጣ። ሰው ያማርራል፣ እኔም አማርራለሁ። ግን ከወጪው በታች የሚሸጥ መሥሪያ ቤት ትራንስፎርመር በምን ይገዛል? አባቴ እንኳ ናፍጣ ሲጨምር የአምፖሉን ዋጋ ይጨምር ነበር። ልዩነቱ፣ አባቴ ሲጨምር ከደንበኛው ጋር ፊት ለፊት ተያይቶ ነው።

ተራ የሚለውን ነገር ደግሞ በምሰሶ እንየው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ፣ የቦረናን ምድር አቋርጦ፣ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚባል ቦታ የሚደርስ የ500 ኪሎ ቮልት መስመር አለ። ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሽያጩ ተጀመረ፤ ውሉ የ25 ዓመት ነው፣ 200 ሜጋ ዋት ብሎ ይጀምራል፣ ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም። ቀኑን አስተውሉ። ኅዳር 2015 ማለት ቦረና ውስጥ አምስተኛው ዝናብ የከሸፈበት ወቅት ነው። ኃይል ወደ ናይሮቢ ሲጓዝ፣ ከሥሩ ሰው ስንዴ በድንጋይ ይፈጫል።

እዚህ ላይ "አያችሁ ግፍ!" ብዬ ብዘጋው ጭብጨባ አገኝ ነበር። ግን ሐቁን ልንገራችሁ። ያ መስመር ቀጥተኛ ጅረት ነው። እንደ ጎረቤት ገመድ ከመንገድ ላይ ጠልፋችሁ አምፖል አታበሩበትም። ኃይሉ የሚለወጠው በሁለቱ ጫፍ ባሉት ጣቢያዎች ብቻ ነው፤ አንዱ ሶዶ፣ አንዱ ሱስዋ። መካከል ላይ ሌላ ጣቢያ ልትከል ብትሉ ወጪው ለአንድ ወረዳ የሚታሰብ አይደለም። ሽያጩም የሚያስገባው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ትራንስፎርመር የሚገዛው ደግሞ በእሱ ነው። ስለዚህ "ለምን ለእነሱ ሰጣችሁ" የሚለው የእኔ ጥያቄ አይደለም። ኬንያ ሞያሌም ቢሆን ለዓመታት ከእኛው በኩል መብራት ስታገኝ ነው የኖረችው፤ የዚያ ማዶ ቦረና የዚህ ማዶ ቦረና ወንድም ነው።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለትልቁ መስመር ተራ የሚያወጣለት አለው። ውል አለው፣ ቀን አለው፣ ዋጋ አለው፣ ሲቋረጥ የሚጠየቅ አለው። ከምሰሶው ሥር ላለው ሰውስ እንዲህ ያለ ውል ለምን አይኖረውም?

ይህ የእኛ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሞያሌ ማዶ በማርሳቢት አውራጃ፣ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ 365 የነፋስ ተርባይኖች ያሉት 310 ሜጋ ዋት ጣቢያ አለ። ተርባይኖቹ ተተክለው ካለቁ በኋላ እስከ ሱስዋ የሚወስዳቸው ገመድ ባለመድረሱ ከዓመት በላይ ያለሥራ ቆሙ፤ የኬንያ መንግሥት ላልተጠቀመበት ኃይል ካሣ ከፈለ። ግሪድ ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ነው። መሬቱ የተሰጠበት መንገድ ሕጉን የተከተለ አይደለም ብሎ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ወስኗል፤ ከሳሾቹ እዚያው የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ናቸው። ነፋሱ ንጹሕ ነው፣ ፀሐዩም ንጹሕ ነው። ተራ የማውጣቱን ሥራ ግን ነፋሱ አይሠራልንም።

ሦስተኛውና ከባዱ ጥያቄ፣ ሲናድ ማን ይገባል? ፕሮግራሙ 35 በመቶ ሲል ዋናው መስመር ቶሎ የማይደርስባቸውን ማለቱ ነው። እነሱ የሚኖሩት በአብዛኛው እንደ እኛ ባለ ቆላ ነው። የአነስተኛ ግሪድ መመሪያ ወጥቷል፤ እንደ ኦሞራቴ ባሉ ቦታዎች ሶላር ግሪድ ተተክሏል። ይህ በጎ ነው። የቤት ሶላርም ከሞያሌ ገበያ በየመንደሩ ገብቷል፤ ዛሬ ቦረና ውስጥ ስልኩን በፓነል ቻርጅ የማያደርግ ጎረምሳ ማግኘት ይከብዳል። ግን በዕቅድ ቁጥር ውስጥ "የደረሰው" ብለን የምንቆጥረው የተተከለውን ነው ወይስ ዛሬ ማታ የሚበራውን? ያ ፍየል የተኛበት ፓነል በአንድ ሰው ሪፖርት ውስጥ "ተጠቃሚ የሆኑ አባወራዎች" ተብሎ ተቆጥሯል፤ በዚህ እወራረዳለሁ።

2025 መጣ፤ አለፈ። ሁሉም ሰው መብራት አላገኘም። ከአምስት ዓመት በላይ የሰጡትን ቀን ማንም አያስታውስም ይባላል። እኔ አስታውሳለሁ፤ ሞተር አሽጬበታለሁና።

*

ባለፈው ሰሞን አባቴ እንደገና ደወለ። በዚህን ጊዜም የሞተ ሰው የለም፤ ተመስገን።

ስድስት ሆነው ሊያዋጡ ነው። እሱ፣ ሁለት ባለ ሱቆች፣ አንዲት ቡና የምታፈላ ጎረቤታችን፣ ፀጉር ቤት ያለው ልጅና የወፍጮው ረዳት። ሶላር ፓነሎች ገዝተው፣ ዋናው መብራት ሲጠፋ ወፍጮውና ፍሪጆቹ እንዳይቆሙ ሊያደርጉ። ወፍጮ ብዙ ጉልበት ይበላል፤ ሲነሣ ደግሞ የባሰ ይበላል። ፀሐይ ባለበት ሰዓት ብቻ እናስፈጫለን ብለዋል፤ ያ ከሆነ ባትሪው ያንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። መካኒክ ነው አባቴ፣ ይህን ሁሉ ሳልነግረው አስቦታል።

"ልግባበት ወይስ ልተወው?" አለኝ።

አፌ ላይ "ግባበት" የሚለው ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

"አባባ፣ ዕቃው የማን ስም ላይ ነው የሚሆነው?" አልኩት።

"የስድስታችንም።"

"በዝናብ ወቅት ደመና ሲሆን፣ ወፍጮው ይቅደም ወይስ ፍሪጁ? ማነው የሚወስነው?"

"እ…"

"ኢንቨርተሩ ሲቃጠልስ? ገንዘቡን አስቀድሞ የሚይዘው ማነው? የሚፈታው ማነው?"

ሳቀ። አባቴ ስልክ ላይ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። "አንቺ ልጅ፣ አባ ሄሬጋ ሆንሽብኝ እኮ!" አለ።

እናም ተስማማን። ፓነል ከመገዛቱ በፊት ወረቀት ይጻፋል፤ እኔ በአማርኛ አረቅቃለሁ፣ የፀጉር ቤቱ ልጅ ወደ ኦሮምኛ ይመልሰዋል። ከኤላው አባ ሄሬጋ ጋር ተቀምጠው ያነቡታል፤ ይህ የአባቴ ሐሳብ ነው። በየወሩ የሚዋጣ የጥገና ገንዘብ ይኖራል። እርዳታ ስንዴ ይዛ የመጣች ሴት ወፍጮው ላይ ትቀድማለች። ይህችኛዋን አንቀጽ እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ ማንም አልተከራከረኝም። እኔም ከደሞዜ ድርሻ አለኝ። ሊከሽፍ ይችላል፤ ከከሸፈ ግን በዚህኛው የራሴም ገንዘብ አለበት።

ስድስት ሰው ያሰበውን አንድ ሀገር ማሰብ አያቅተውም። ትራንስፎርመር ሲቃጠል በስንት ቀን እንደሚቀየር በየከተማው በር ላይ ይለጠፍ። በየቆላው የሚተከል ሶላር ሁሉ ሲተከል ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላም ይቆጠር። በሰማያችን ላይ ከሚያልፈው ሽያጭ ትንሽ ተቆርሳ፣ መስመሩ ለሚያቋርጣቸው ወረዳዎች መለዋወጫ ትግዛ። ምሰሶው ያለው በእነሱ ግጦሽ ላይ ነውና።

ረቂቁን ዛሬ ማታ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን ይህን ስጽፍ አመሸሁ። እዚህ አዲስ አበባም መብራቱ ሁለቴ ብልጭ ድርግም አለ። በልጅነቴ ቢሆን አሥር ደቂቃ እንደቀረኝ አውቅ ነበር።

ቸር ያሰማን።